የዲያቆኑ አፍንጫና የሕማማት ስግደት

ሥራ የጀመርኩት በፋሻ አጠባ ነው። ጣሊያን የጅማን መንገድ በሚያሠራበት ዘመን ወልቂጤ ላይ፣ ከመንገድ ሠራተኞቹ ሰፈር አጠገብ፣ በቆርቆሮ የተሠራ አንድ የሕክምና ቤት ነበረ። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ደም የነካው ፋሻ የሞላበት ገንዳ ፊቴ አስቀመጡልኝ። አጠብኩ፣ ጨመቅኩ፣ እንደ ነጠላ አጥሩ ላይ አሰጣሁት።

«አንቺ የቡልጋ ልጅ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ካቦ ተስፋይ ነበር። የሐማሴን ሰው ነው፤ ለሐኪሙ አስተርጓሚም የሠራተኞቹ አለቃም እሱ ነበር። «አጥር ላይ የተሰጣ ፋሻ፣ ፋሻ አይደለም። ጨርቅ ነው። መልሰሽ ቀቅዪው።»

«ንጹሕ ነው እኮ ጌታዬ።»

«ለዓይንሽ ነው ንጹሕ። ለቁስል አይደለም።»

መልሼ ቀቀልኩት። ቤት ውስጥ በተወጠረ ገመድ ላይ ሰቀልኩት፣ ሲደርቅ እጄን በሳሙና ታጥቤ ጠቀለልኩት። እናንተ ዛሬ ተጠቅልሎ በወረቀት የታሸገ ፋሻ ስለምትከፍቱ ይህ ሊገርማችሁ ይችላል። የሥራዬ ፊደል ግን ይኸው ነበር።

ወልቂጤ ያመጣኝ ባለቤቴ ነው። የወታደር ሚስት ነበርኩ። እሱ ወደ ሰሜን ዘመተ፣ አልተመለሰም፤ መንገዱ ተዘጋና እኔም ወደ ቡልጋ መመለስ አልቻልኩም። ሰው «ለጣሊያን ታጥባለች» ማለቱን አውቃለሁ። ነገሩ ከብዶኝ ለነፍስ አባቴ ለመምሬ ተክሌ ተናገርኩ። መምሬ ተክሌ ከወልቂጤ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በሚያስኬድ አንድ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ።

«የምታጥቢው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ደም ነው አባቴ።»

«የማን ደም?»

«የሁሉም። የመንገድ ሠራተኛውም፣ የፈረንጁም፣ የአገሬውም።»

ትንሽ አሰቡና «እጠቢ» አሉኝ።

በሕክምና ቤቱ ከሁሉ በላይ ሐኪሙ ነበረ፤ ሁላችንም ዶቶሬ እንለዋለን። ቀጥሎ ካቦ ተስፋይ፣ ከሱ በታች ሁለት አስታማሚዎች፣ ከሁሉ በታች አጣቢዋ። ከአስታማሚዎቹ አንዱን ወባ ሲገድለው ዶቶሬው መጥቶ እጄን አገላበጠ፣ ጥፍሬን አየ። «ይቺ ትግባ» አለ። ከዚያ በኋላ ቁስል ማጠብ፣ ጀሶ መበጥበጥና መሣሪያ ማቀበል ተማርኩ። መቀስ ሲቀበል እጀታው ወደ ሐኪሙ መዳፍ ይዞራል። ሐኪም ዓይኑን ከቁስሉ ሳያነሣ እጁን ይዘረጋል፤ የሚፈልገው ነገር እዚያ ማረፍ አለበት።

የአገሬው ሰው የሚታከመው ረቡዕ ረቡዕ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ነበር። ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ በአንዱ ረቡዕ ነጋሽ የሚባል ዲያቆን ወረፋ ይዞ ቆመ። ወዲያው አወቅኩት፤ መምሬ ተክሌ ጋ የሚቀድስ የቸሃ ጉራጌ ልጅ ነው። ፊቱ ግን ሌላ ሆኖብኛል። አፍንጫው ከመካከሉ ተሰብሮ ወደ ግራ ጉንጩ ተኝቷል። በአንዱ ቀዳዳ ብቻ ይተነፍሳል፤ ሲናገር ድምፁ ከእንስራ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል።

«ምን ሰበረው?» አለ ዶቶሬው።

ተስፋይ ነጋሽን እንኳ ሳይጠይቅ «በቅሎ ረግጣው» ብሎ መለሰ።

ዶቶሬው በአውራ ጣቱ አጥንቱን ዳሰሰ፣ ጉንጩ ላይ ያለውን ጠባሳ ወደ ብርሃን አዙሮ ተመለከተ። አንድ ነገር ተናገረና እጁን ሊታጠብ ሄደ።

«ምን አለ?» አልኩት ተስፋይን።

«‹ይቺ በቅሎ ሰደፍ አላት› አለ።»

እውነቱ እንዲህ ነው። ወታደሮች መሣሪያ ተደብቋል ብለው ቤተ ክርስቲያኑን ሊፈትሹ መጥተው ነበር። ነጋሽ በሩ ላይ ቆመ። በሰደፍ መቱት። በዚያው ሌሊት ታቦቱን ይዘው ከወጡት አንዱ እሱ ነበርና ታቦቱ ተመልሶ እስኪገባ ጫካ ውስጥ ብዙ ሰነበተ፤ ወጌሻ ጋ ሲደርስ አጥንቱ ጠምሞ ገጥሟል። ወጌሻው «ትኩሱን ብትመጣ በጣቴ እመልሰው ነበር፤ አሁን ካልተሰበረ አይቃናም» አለው።

ዶቶሬው እጁን እያደረቀ ተመለሰ። «ለመልክ ከሆነ ጊዜ የለኝም በለው። እዚህ ወባ አለብኝ፣ ድንጋይ የጨፈለቀው ጣት አለብኝ።»

«ለመልክ አይደለም» አለ ነጋሽ። «ይደማል። ቅዳሴ ስንጀምር ይደማል፣ ጎንበስ ስል ይደማል። ደም የሚፈሰው ሰው መቅደስ አይገባም።»

«ሌሎቹ ይቀድሱ።»

«አምስት ልኡካን ካልተሟሉ አይቀደስም፤ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። ከኔ ጋር ልክ አምስት ነን። እኔ ስወጣ አራት ናቸው። ሰዉ ስንት እሁድ ሳይቀደስለት ተመለሰ። እንዲህ ከሆነ ፋሲካም አይቀደስም።»

«ሌላ ዲያቆን ከሌላ ቦታ አምጡ።»

ነጋሽ ወደ ተስፋይ ዞረ። «ሌላ ዲያቆን ነበረን። እሱን በቅሎዋ ገደለችው በልልኝ።»

ተስፋይ ይህችን አልተረጎማትም። ዶቶሬው ግን የሰውዬውን ፊትና የተስፋይን ዝምታ አየ። ቆይቶ፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወጣት ሳለ በአገሩ ሆስፒታል ፊታቸው የተበላሸ ወታደሮች ሲጠገኑ መሣሪያ ያቀብል እንደነበር ነገረን። «በመጪው ሰኞ ይምጣ» አለ።

በቀጠሮው ቀን መጀመሪያ የተጣላነው በቫዝሊን ነው። አፍንጫው ውስጥ የሚጠቀጠቀው ጎዝ የሚሉት ስስ ፋሻ ቫዝሊን ይቀባል፤ ካልተቀባ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ሲወጣ ቆዳውን ይዞ ይወጣል። ነጋሽ የቅባቱን ቆርቆሮ አየና ተነሥቶ ተቀመጠ።

«እትዬ አስካለ፣ ይሄ ቅባት ከምንድን ነው?»

«መድኃኒት ነው።»

«ከምን እንስሳ? ወደ ጉሮሮ ይወርዳል እኮ። ጾም ላይ ነን።»

እኔም አላውቅም ነበርና ነገሩ አስጨነቀኝ። ተስፋይ እየሣቀ ጠየቀልን። ዶቶሬው መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ግን አልሣቀም። «ከመሬት ነው የሚወጣው» አለ፣ «እንደ ላምባ። ላም የለበትም፣ አሳማም የለበትም።»

«ላምባ ከሆነ ይሁን» አለ ነጋሽና ተኛ።

የአፍንጫ ሥራ ከውጭ ሲታይ የአናጢ ሥራ ይመስላል። መሮ አለው፣ ትንሽ መዶሻ አለው። ሁሉንም በፈላ ውኃ ቀቅዬ በተቀቀለ ጨርቅ ላይ ደረደርኳቸው። ዶቶሬው ማደንዘዣውን በመርፌ ሰጠና ጠበቀ። ተስፋይ የነጋሽን ጭንቅላት በሁለት እጁ ያዘ፣ እኔ በቀኝ በኩል ቆምኩ። የነጋሽ ከንፈር መንቀሳቀሱን አላቆመም።

«ምን ይላል?» አለ ዶቶሬው።

«ዳዊት ይደግማል» አለ ተስፋይ።

«በልቡ ይድገም። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አፍንጫውም ይንቀሳቀሳል።»

ከንፈሩ ቆመ። መሮውን አቀበልኩ፣ መዶሻውን አቀበልኩ። የመዶሻው ድምፅ አነስተኛ ነው፤ እንጨት ላይ ከሚሰማው ይልቅ ለውዝ ሲፈለፈል ከሚሰማው ጋር ይመሳሰላል። በአንዱ ወገን መታ፣ በሌላው ወገን መታ። ከዚያ መሣሪያውን ጣለና በሁለቱ አውራ ጣቶቹ ገፋው። አጥንቱ ሲመለስ ሁላችንም ሰማነው። ደሙ ብዙ ነበር። ጎዙን እየቀባሁ፣ በመቆንጠጫ እየያዝኩ አቀበልኩ፤ ሁለቱም ቀዳዳዎች ተጠቀጠቁ። የበጠበጥኩትን ጀሶ ከግንባሩ እስከ አፍንጫው ጫፍ አለበስነው።

«ወተትና የሥጋ መረቅ ይጠጣ» ብሎ አዘዘ ዶቶሬው።

«አይጠጣም» አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለትእዛዙ የመለስኩት መልስ ይህ ነበር። «የእንሰት ቡላ ላጠጣው። በውኃ ብቻ ነው የሚሠራ፤ ማኘክም የለበትም።»

ቡላ ምን እንደሆነ ማየት ፈለገ። ከጎረቤት ካመጣሁት ላይ በጣቱ ቀመሰ፣ ፊቱን አጨማደደ። «ጣዕም የለውም፤ ግን ይሆናል» አለ። ነጋሽ ጀሶው እስኪነሣ በአፉ እየተነፈሰ በቡላ ኖረ።

ጀሶው የተነሣው ከሆሣዕና በፊት ነው። ፊቱ አብጦ ከዓይኖቹ በታች ቢጫ ሆኗል፤ አፍንጫው ግን መካከሉ ላይ ነው። ለመልክ አይደለም ያለው ሰው መጀመሪያ የጠየቀው መስተዋት ነበር። የዶቶሬውን የጢም መላጫ መስተዋት ሰጠሁት። ፊቱን ወደ ቀኝ አዞረ፣ ወደ ግራ አዞረ፣ እንደገና ወደ ቀኝ አዞረ።

«በቃህ» አልኩት፣ «መስተዋቱ አለቀ።»

«እናቴ የወለደችው እኮ ነው» አለኝ። ድምፁ ከእንስራው ወጥቷል።

ዶቶሬው በተስፋይ አፍ አስጠነቀቀው። አይናፈጥ፣ ሸክም አያንሣ፣ አያጎንብስ፣ ግንባሩን ምንም አይንካው። አጥንቱ ገና አልጠነከረም፤ የውስጡ ቁስልም አልደረቀም። ይህ ለሦስት ሳምንት ነው፤ በኛ ቆጠራ ዳግማይ ትንሣኤ እስኪያልፍ ድረስ። «ገባህ?» «ገባኝ።» ነጋሽ የዶቶሬውን ጉልበት ሊስም ሲል ዶቶሬው ራሱ ትከሻውን ይዞ አስቆመው፤ «አያጎንብስ አልኩ» አለ። ተሣሥቀን ተለያየን።

ሁላችንም ሕማማት መድረሱን እናውቅ ነበር። ነገር ግን ነጋሽም፣ እኔም፣ ተስፋይም ስግደትን ከማጎንበስ አልቆጠርነውም። ለኛ ማጎንበስ እንሰት መፋቅ ነው፣ አረም ማረም ነው፣ የወደቀ ነገር ማንሣት ነው። ስግደት ስግደት ነው። ሐኪሙ ደግሞ የሱ ፋሲካ አልፎ ስለነበር የኛ መምጣቱን አላሰበም።

የሕማማት ማክሰኞ ነጋሽ ነጠላውን አፍንጫው ላይ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ነጠላው ቀልቷል።

ዶቶሬው ጮኸ። «አታጎንብስ አላልኩም?»

«አላጎነበስኩም» አለ ነጋሽ፣ ከልቡ።

«ታዲያ ምን ስትሠራ ደማ?»

«ስሰግድ።»

ተስፋይ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። እንዴት እንደሚሰገድ ለዶቶሬው ራሱ ሰግዶ አሳየው፤ ጉልበቱ፣ እጁ፣ ግንባሩ ሲሚንቶው ላይ። ዶቶሬው ቁጭ ብሎ ተመለከተ። ከዚያ የነጋሽን አፍንጫ መረመረ። አጥንቱ አልተነቃነቀም፤ የደማው የውስጡ ቁስል ነው። አዲስ ጎዝ አደረገለት።

«አንድ ጊዜ ግንባሩ መሬት ቢመታ አጥንቱ ይወርዳል» አለ። «ከወረደ እኔ ሁለተኛ አልነካውም፤ ሁለት ጊዜ የተሰበረ አጥንት ሦስተኛ አይሰበርም። አምላኩን ቆሞ ይለምን።»

ነጋሽ ሲተረጎምለት ፊቱ አመድ መሰለ። «ዲያቆን በስቅለት ቆሞ ይውላል? ሰው ምን ይለኛል? መምሬ ተክሌስ ምን ይሉኛል?»

ከነጋሽ ጋር ወደ ጊዮርጊስ ሄጄ እስከ ፋሲካ እንድቆይ ፈቃድ ጠየቅኩ። ዶቶሬው የተቀቀለ ጎዝ በክዳን ዕቃ፣ አንድ መቆንጠጫና ትንሽ ቫዝሊን ሰጠኝ። «ከደማ እንዴት እንደምትጠቀጥቂ ታውቂያለሽ» አለኝ። ከሕክምና ቤቱ ውጭ በእጄ መሣሪያ ይዤ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው።

ሐሙስ መምሬ ተክሌ ፊት ቆምን። ሐኪሙ ያለውን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳቸው። የነጋሽን ፊት በመዳፋቸው ይዘው ቀና አድርገው አዩት።

«አትሰግድም» አሉት።

«አባ!»

«አትሰግድም አልኩህ። አንተ አርብ ሰግደህ እሁድ ብትደማ ሕዝቡ ሳይቀደስለት ይቀራል። የማን ፋሲካ ነው የምታጠፋው?»

«ሰዉ ካቶሊክ ሆነ ይለኛል። እምድብር ካሉት ካቶሊኮች ጋር ተቀላቀለ ይለኛል። ፈረንጅ ቤት ተኝቼ መውጣቴን ያላወቀ የለም።»

«ይበል።»

«ስግደቴስ? ዕዳ ሆኖ ይቀራል?»

መምሬ ተክሌ ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ አርጅቻለሁ፤ ጉልበቴ የራሴን ከጨረሰ ትልቅ ነገር ነው። አስካለ፣ መዶሻውን ያቀበልሽ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ አባቴ።»

«እንግዲያስ የሱን ስግደት አንቺ ትሰግጃለሽ። የራስሽም አይቀርልሽም።»

አርብ ቤተ ክርስቲያኑና ግቢው በሰው ሞላ። ኪርያላይሶን ሲባል ሁሉም ይወድቃል፣ ሁሉም ይነሣል። ነጋሽ ምሰሶ አጠገብ በጥቁር ልብስ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሰው ሁሉ መሬት ላይ ሲሆን እሱ ብቻውን ይታያል።

ፀሐይ ከፍ ስትል ማጉረምረም ተጀመረ።

«ምነው፣ ዶቶሬው ወገቡን ብረት አድርጎለት ይሆን?» አለ አንዱ።

«አፍንጫውን አቀናሁ ሲል አንገቱን አደነደነው» አለ ሌላው።

«ተዉት፣ ካቶሊክ ቆሞ ነው የሚጸልይ» አለች ከኋላዬ አንዲት ሴት። «ይቺ የጣሊያን ቤት ሴትዮ ናት የወሰደችው።»

የነጋሽን ጉልበት አየሁ። ሊሰግድ መታጠፍ ጀምሯል። እጁ ምሰሶውን ለቋል።

ከሴቶቹ መካከል ወጣሁ። ሁሉም ከሚያየኝ ቦታ፣ ደጀ ሰላሙ ፊት ያለው ድንጋያማ መሬት ላይ ቆምኩ። «ይህ ስለ ነጋሽ ነው» አልኩና ሰገድኩ። ተነሣሁ። «ይህም ስለ ነጋሽ ነው።»

«ደግሞ እሷ ምን አገባት?» አለ አንዱ።

መምሬ ተክሌ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱ። «ነጋሽ የማይሰግደው እኔ ስለከለከልኩት ነው። እሁድ አፍንጫው ከደማ ቅዳሴ የላችሁም። ስግደቱን ለዚህች ሴት ሰጥቻታለሁ። የምታወሩ አፍ ካላችሁ ቁጠሩላት።»

ከኋላዬ የነበረችው ያቺው ሴት «አንድ» አለች። በጉራግኛ ነው የቆጠረችው። ቀጥሎ ሌሎች ሴቶች ተቀበሏት። ስንት እንደሰገድኩ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ቁጥሩን የያዙት እነሱ ናቸው። ነጋሽ ምሰሶውን መልሶ ይዞ ቆመ። ፊቱ በእንባ ርሷል፤ አለመናፈጡን ደጋግሜ አየሁ። በጥብጠባው ሰዓት መምሬ ተክሌ የወይራውን ቅጠል እኔ ትከሻ ላይ ሁለት ጊዜ አሳረፉ፤ አንዱ የኔ፣ ሁለተኛው የሱ።

በፋሲካ ሌሊት አምስቱ ልኡካን ገቡ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያ ቅዳሴ ዓይኔ ያረፈው በመሠዊያው ላይ አልነበረም፤ በነጋሽ የላይኛው ከንፈር ላይ ነበር። ጎዙና መቆንጠጫው በነጠላዬ ሥር ናቸው። ሻማው ከፊቱ ሲያልፍ አያለሁ፤ ደረቅ ነው። መልእክቱን ሊያነብ ወጣ። ድምፁ ጥርት ብሎ እስከ ግቢው በር ሄደ። አንብቦ ጨረሰ፣ ተመለሰ። አልደማም። ቆረቡ፣ አቆረቡ፣ ሕዝቡ ተሰናበተ። ያቺ ሴት በመውጫው ላይ አገኘችኝ። «ጉልበትሽን ቅቤ ልቀባሽ፣ ጾሙ ተፈታ» አለችኝና ክንዴን ይዛ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ።

ወልቂጤ ስመለስ ዶቶሬው በር ላይ አገኘኝ።

«ደማ?»

«አልደማም።»

«ሰገደ?»

«አልሰገደም። እኔ ሰገድኩለት።»

ተስፋይ ሲተረጉም ዶቶሬው ሁለት ጊዜ አስደገመው። ከዚያ ቀሚሴን ትንሽ ከፍ እንዳደርግ ጠየቀና ጉልበቴን አየ። አዮዲኑን አወረደ፣ ጥጥ ነከረ፣ ወንበር ስቦ ራሱ ቀባኝ። መሣሪያ አቀባይዋን ሐኪሙ ሲያክም ያየ ሰው እዚያ ቤት ያን ቀን ብቻ ነው ያየው።

ጣሊያን ወጣ፣ ዶቶሬውም ከሰዎቹ ጋር ሄደ። ተስፋይ ወደ አገሩ ተመለሰ። እኔ ወደ ቡልጋ አልተመለስኩም፤ ቡታጅራ ጤና ጣቢያ ሲከፈት በአስታማሚነት ተቀጠርኩና እዚሁ ጡረታ ወጣሁ። ነጋሽ ቀሰሰ። እስኪያረጅ ድረስ አፍንጫው ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ ግራ ያዘነብል ነበር። ይህን የምናውቀው እሱና እኔ ነን፤ ሌላው ሰው ቀጥ ያለ ነው ይላል።

ለወጣት የሥራ ጓደኞቼ የምለው አንድ ነው። በሽተኛን «አታጎንብስ፣ አትሸከም» ብሎ ማሰናበት አይበቃም። እኔ ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አንድም በሽተኛ፣ ክርስቲያንም ይሁን እስላም፣ «ከዚህ ሄደህ ነገ የምትሠራውን ከጠዋት ጀምረህ ንገረኝ» ሳልለው አላሰናበትኩም። እስኪጨርስ እሰማዋለሁ። ሊጎዳው የሚችለውን ነገር እዚያ ውስጥ አገኘዋለሁ።